ለሌለው ሰው የተሰረዘ ዕዳ «ገቢ» ይባላልን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ወረቀት ነው። በፈረንጆች ጥር ወር መጨረሻ አካባቢ አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ስሙ 1099-ሲ ነው። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ አበዳሪህ ይህን ያህል ዕዳ ሰርዞልሃል፤ መሰረዙንም አይ.አር.ኤስ ለሚባለው የግብር መሥሪያ ቤት አሳውቋል። ከዚያ የሚከተለው ነው ሰውን የሚያስደነግጠው። የተሰረዘው ገንዘብ እንደ ደመወዝ ገቢ ይቆጠራል፤ ግብርም ይጠየቅበታል። መክፈል ያቃተው ሰው «ስላልከፈልክ ክፈል» ተባለ ማለት ነው።

ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር ከወጣቶቻችን ሦስት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «አየህ የነሱን ሥርዓት! ኢስላም እኮ ዕዳ ሲምር ጨርሶ ነው የሚምረው» ብሎ በኩራት ያልፋል። ሁለተኛው «ዙልም ነው፣ ወረቀቱን ቀደህ ጣለው» ብሎ ይመክራል። ሦስተኛው «በሪባ ካርድ ሲገዛ ማን ላከው? ይበለው» ይላል። እኔ የምለው ሦስቱም ተሳስተዋል ነው። የመጀመሪያው የማይሠራበትን ዲን ይመካበታል፣ ሁለተኛው ወንድሙን ገደል ይከተዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ አላህ ያልዘጋውን የእዝነት በር ይዘጋል። አንድ በአንድ እንያቸው። መጀመሪያ ግን ሕጉን እንወቅ፤ የማያውቁትን መስደብ ዒልም አይደለምና።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ ሕግ ሐሳቡ እንዲህ ነው። አሥር ሺህ ዶላር ስትበደር ግብር አትከፍልበትም። በአንድ እጅህ የገባው በሌላው የሚወጣ ስለሆነ ሀብትህ አልጨመረም። አበዳሪው «ተወው» ካለህ ግን መውጣቱ ቀረ፣ የገባው ብቻ አንተ ጋ ቀረ። ስለዚህ ያኔ ያልተከፈለው ግብር አሁን ይከፈል ይላሉ። ይህን አስተሳሰብ ያጸናው ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1931 ከርቢ በሚባል የእንጨት ኩባንያ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ኩባንያው ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቦንድ ሸጦ፣ ከፊሉን በዚያው ዓመት ባነሰ ዋጋ መልሶ ገዛው። ልዩነቱ 137,521 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነበር። ፍርድ ቤቱ በዕዳ ተይዞ የነበረ ሀብት ነፃ ወጥቷልና ገቢ ነው ብሎ ፈረደ።

ፍትሐዊ እንሁን። ለዚያ ኩባንያ ፍርዱ ከአእምሮ የራቀ አይደለም። ኩባንያው ሀብት አለው፣ አስቦና አስልቶ ዕዳውን በርካሽ ገላገለ፣ አተረፈም። የኛም ፉቀሃእ ኢብራእን፣ ማለትም ዕዳን ምሮ መተውን፣ ሲመረምሩ ተቀራራቢ ጥያቄ ጠይቀዋል። ኢብራእ ኢስቃጥ ነው፣ ማለትም የራስን ሐቅ መጣል ብቻ? ወይስ ተምሊክ ነው፣ ማለትም ለተበዳሪው ንብረት መስጠት? በዚህ ላይ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት አለ፤ ተበዳሪው እሺ ማለቱ ይፈለጋል ወይስ አይፈለግም የሚለውም ከዚሁ ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም።

ችግሩ ያለው ለእንጨት ኩባንያው የተሰፋው ልብስ በፅዳት ሠራተኛዋና በታክሲ ሹፌሩ ላይ ሲጠለቅ ነው። ባንክ፣ የብድር ማኅበርና ሌላ አበዳሪ ድርጅት 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሰርዝ ወረቀቱን መላክ ግዴታው ነው። ስድስት መቶ ዶላር! በካርድ ቀለብ ገዝቶ፣ ሥራ ሲያጣ መክፈል ያቃተው ሰው የትኛው ሀብቱ ነው ነፃ የወጣለት? ቀለቡ ተበልቷል። የቀረው ባዶ ኪስ ነው። ባዶ ኪስ ላይ የነበረ ዕዳ ሲነሳ ኪሱ ባዶ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይሞላም።

ደግሞም ባንኩ «ሰረዝኩ» ሲል ከእዝነት የመጣ አይምሰላችሁ። በወረቀቱ ላይ የስረዛው ምክንያት በፊደል ይጻፋል። አንደኛው ፊደል አበዳሪው መሰብሰቡን ለማቆም መወሰኑን የሚያመለክት ነው። ደክሞት፣ አይገኝም ብሎ ተወው ማለት ነው። ለራሱ በኪሳራ መዝገብ አስገብቶ ከግብሩ ላይ ይቀንስበታል። ለተበዳሪው ደግሞ «ገቢ አገኘህ» የሚል ወረቀት ይልክለታል። ከዚህም የባሰ አለ። በተሰረዘው ሒሳብ ውስጥ ወለዱንም ሊያካትት ይችላል፤ ለዚያ ራሱን የቻለ ሣጥን ቅጹ ላይ አለ። በእጅህ ያልገባ፣ ያልበላኸው፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያደገ ሪባ ሲሰረዝ የአንተ «ገቢ» ሆኖ ሊመጣብህ ነው። ሱብሓነላህ! ሪባ ሲኖርም ይነክሳል፣ ሲሞትም ይነክሳል።

ያልተነገረው በር

እዚህ ድረስ የሰማ ሰው የመጀመሪያውን ወንድማችንን «አላልኳችሁም?» ሲል ያገኘዋል። ቀስ በል ወንድሜ። ያው ሕግ አንድ በር አለው፤ ብዙዎቹ ሐበሾች ግን አያውቁትም። በግብር ሕጋቸው አንቀጽ 108 ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣ ሕግ የተደነገገ ነው። ዕዳው ከመሰረዙ ልክ በፊት የሰውየው ጠቅላላ ዕዳ ከጠቅላላ ሀብቱ የሚበልጥ ከሆነ፣ በበለጠበት መጠን የተሰረዘው ዕዳ ገቢ አይባልም። በፊቅህ ቋንቋ ሙፍሊስ የምንለው፣ ንብረቱ ዕዳውን የማይሸፍንለት ሰው ነው። በኪሳራ ፍርድ ቤት በኩል የተሰረዘም እንዲሁ ነፃ ነው። ለመኖሪያ ቤት ብድርና ለአብዛኛው የተማሪ ብድር ስረዛ ተሰጥተው የነበሩት ነፃነቶች እስከ 2025 መጨረሻ ተብለው በቀን የተገደቡ ነበሩ። የሙፍሊሱ በር ግን ቀን አልተቆረጠበትም።

በምሳሌ እንየው። ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ሹፌር አለ እንበል። መኪናው 9,000 ዶላር ያወጣል፣ በባንክ 800 አለው፣ የቤት ዕቃውና ልብሱ 1,200፣ በሥራ ቦታው ያጠራቀመው የጡረታ ገንዘብ 4,000። ድምሩ 15,000። ዕዳው ደግሞ የመኪና ብድር 11,000፣ የሆስፒታል 8,000፣ የክሬዲት ካርድ 9,000። ድምሩ 28,000። ዕዳው ሀብቱን በ13,000 ይበልጣል። ባንኩ የካርዱን 9,000 ቢሰርዝ፣ ዘጠኙ ሺህ ከአሥራ ሦስቱ ሺህ ስለሚያንስ አንድም ዶላር ገቢ ተብሎ አይመዘገብበትም። ይህን ሳያውቅ እንደ ገቢ ቢያስመዘግበውና የግብር መደቡ 12 በመቶ ቢሆን ግን 1,080 ዶላር ይከፍላል፤ የስቴቱ ግብር ሳይቆጠር። አንድ ሺህ ሰማንያ ዶላር ሐራር ወይም ደሴ ላለች እናት የስንት ወር ቀለብ እንደሆነ አስቡት። ባለማወቅ ብቻ የጠፋ።

ሁለተኛ ሰው እንውሰድ። ዕዳው ያው 28,000፣ ሀብቱ ግን 22,000 ነው። ብልጫው 6,000 ብቻ ነው። ስለዚህ ከተሰረዘው 9,000 ውስጥ ስድስቱ ሺህ ነፃ ሲሆን ሦስቱ ሺህ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል፤ በ12 በመቶ 360 ዶላር ይመጣበታል። አሁን ልብ በሉ። ይህ ሰው ከጓደኛው በእጅ የተበደረው 3,000 ዶላር ነበረበት፤ ሳይጻፍ በመተማመን ብቻ። ያ ዕዳ ቢቆጠርለት ብልጫው 9,000 ይሆን ነበር፣ ግብሩም ይጠፋ ነበር። ቢጠየቅ ግን በምን ያስረዳል? ዕቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰውም ቀሪው መዋጮ ዕዳው ነው፤ ማስረጃ ከሌለው ግን ችግሩ ያው ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር ነው። እኛ ግን «በወንድማማች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» እያልን አሥራ አራት ክፍለ ዘመን የቆየ ትእዛዝ እንደ ነውር እናያለን። ውርደቱ የማን ነው?

በደሉ የት ላይ ነው?

እንግዲህ ይህን ሕግ ሐቁን ሰጥቼዋለሁ፤ የምወቅሰውንም ልናገር። ሙፍሊሱ ማስረጃ መጠየቁን አልወቅስም። በኛም ፊቅህ «ከስሬያለሁ» የሚል ሰው ዝም ብሎ አይታመንም፤ ቃዲው ይመረምራል፣ ምስክር ይሰማል። የምወቅሰው ሁለት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ይህ ነው፦ ዕዳው ራሱ ተጉዞ ቤትህ ድረስ ይመጣል፤ ምሕረቱን ግን አንተ ፈልገህ ማምጣት አለብህ። 1099-ሲ ካልጠየቅከው ይላክልሃል። ነፃ የሚያወጣህ ፎርም 982 ግን አይላክልህም። መኖሩን አውቀህ፣ ሀብትና ዕዳህን አስልተህ፣ ከዓመታዊ የግብር ሪፖርትህ ጋር አያይዘህ ማቅረብ የአንተ ፋንታ ነው። የቋንቋው ሊቅ የሆነው ሀብታም ጠበቃና ሒሳብ ሠራተኛ ቀጥሮ በሩን ያገኘዋል። በሩ የተሠራለት ድሃ ግን ግድግዳውን እየዳበሰ ያልፋል። ለተቸገረው የተሠራ ምሕረት ለሚያውቀው ብቻ ከደረሰ ምሕረትነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሁለተኛው፦ የሀብት ቆጠራው እጅግ ጥብቅ ነው። የቤት ዕቃ፣ ልብስ፣ መጽሐፍ ሳይቀር በገበያ ዋጋው ይቆጠራል። አበዳሪ ሊነካው የማይችለው የጡረታ ገንዘብ እንኳ ይቆጠራል። ዑለማኦቻችን በሙፍሊሱ መኖሪያ ቤት መሸጥ ላይ ቢለያዩም፣ የሚለብሰውንና የሚበላውን ግን ይተዉለታል። ሰው የሚበላበትን ድስት ሀብት ብሎ ቆጥሮ «ገና አልከሰርክም» ማለት ከእዝነት ይርቃል።

አንድ ነገር ግን በሐቅ መመስከር አለብን። ይኸው ሕግ ዕዳው የተሰረዘው በስጦታ መልክ ከሆነ ገቢ አይለውም። ጓደኛህ ወይም ዘመድህ «ለአላህ ብዬ ተውኩልህ» ካለህ ያ ስጦታ ነው፤ በዚያ አገር ሕግም ቢሆን ለተቀባዩ ገቢ ተብሎ አይመዘገብም። እንግዲህ አስተውሉ። ሕጉ ከስሌት የመጣን ስረዛ ግብር ይጥልበታል፣ ከእዝነት የመጣውን ይተወዋል። በዚህ መስመር እኛ ሙስሊሞች የት ጎን ነን? ወደዚህ ጥያቄ እመለስበታለሁ።

«ቀደህ ጣለው» ለሚለው

ይህ ምክር ጀግንነት ይመስላል፤ ውጤቱን ግን መካሪው አይከፍልም። የወረቀቱ ሌላ ቅጂ አይ.አር.ኤስ ጋ ደርሷል። ኮምፒውተራቸው አንተ ያስመዘገብከውን ከነሱ ጋር ካለው ያስተያያል። ልዩነት ካገኘ ሲፒ 2000 የሚባል ደብዳቤ ይልካል፤ ከዚያም ግብሩ ከነወለዱ፣ አንዳንዴም ከነቅጣቱ ይመጣል። ሪባን ሸሽቶ ወረቀት የቀደደው ወንድም መጨረሻው ለመንግሥት ወለድ መክፈል ሆነ። ግብሩ ጭራሽ ላይኖርበት ይችል ነበር እኮ! ከመቅደድ ይልቅ ሁለት ዓምድ ሠርቶ በአንዱ ሀብቱን፣ በሌላው ዕዳውን ቢጽፍ ይበቃው ነበር። አይ.አር.ኤስ በሚያሳትመው መመሪያ ቁጥር 4681 ውስጥ የመቁጠሪያው ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ግብሩን ያለ ፎርም 982 አስገብቶ የጨረሰም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በሦስት ዓመት ውስጥ በፎርም 1040-ኤክስ ማስተካከል ይችላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ከአይ.አር.ኤስ ጋር የሚከራከሩ ክሊኒኮችም አሉ። እዚያ ያላችሁ፣ በሒሳብ ሥራ የተማራችሁ ወጣቶች፣ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ለጀመዓችሁ ይህን ማስረዳት ዒባዳ መሆኑን እወቁ።

ከዚህ ጋር ሌላ ፈተና አለ፤ ዝም ብዬ አላልፈውም። የሙፍሊሱን በር የሰማ አንዳንድ ሰው ወዲያው «ታዲያ ጀሞ ያለውን ኮንዶሚኒየሜን ማን ያውቃል?» ይላል። ቆጠራው ያለህን ሁሉ ይመለከታል፤ ቨርጂኒያ ያለውንም አዲስ አበባ ያለውንም። የግብር ሪፖርቱ ላይ የምትፈርመው በሐሰት ብምስክር ልቀጣ ብለህ ነው። ቤት ደብቆ «ሙፍሊስ ነኝ» ማለት ውሸት ነው፣ ውሸቱን የምትዋሸው ካፊር ላይ ስለሆነም ሐላል አይሆንም። ቪዛ ተቀብለህ በገባህበት አገር የገባኸው ቃል አማና ነው። ደግሞም በሐሰት ሙፍሊስ የሚሆን ሰው የእውነተኛውን ሙፍሊስ ተአማኒነት ይሰርቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦችን ሙፍሊስ ማን እንደሆነ ጠይቀው፣ እውነተኛው ሙፍሊስ በቂያማ ቀን ሰላትና ጾም ይዞ መጥቶ በሰው ሐቅ ምክንያት ባዶውን የሚቀር መሆኑን አስተምረዋል። ከዚያኛው ኪሳራ የሚያወጣ ፎርም የለም።

የፊቅህ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። 1099-ሲ ስለ ደረሰህ ብቻ ዕዳው ከአንገትህ ወርዷል ማለት አይደለም። በዚያው አገር ፍርድ ቤቶች እንኳ ወረቀቱ ብቻውን ዕዳን ይሰርዛል ወይስ አይሰርዝም በሚለው ላይ ተለያይተዋል። በሸሪዓ ዕዳ የሚወርደው በመክፈል ወይም ባለሐቁ በመተው ነው። አበዳሪው መጠየቅ ስላቆመ ብቻ ዋናው ገንዘብ አይጠፋም። ስለዚህ «ትቼልሃለሁ» የሚል ጽሑፍ ጠይቅ። በግልጽ ከተወልህ የራሱን ሐቅ ነው የተወው፣ አልሐምዱሊላህ በል። ካልተወው ሲኖርህ ክፈል፤ ያለው ሰው እያለው ማጓተቱ ዙልም መሆኑ በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲሥ የጸና ነው።

«ይበለው» ለሚለው

በክሬዲት ካርድ ወለድ መግባት ወንጀል ነው፤ በዚህ ላይ ማለሳለስ የለም። ካርድ ኪስህ ካለ ወር ሳይሞላ ክፈል፣ ካልቻልክ ቁረጠው። ነገር ግን ወንጀል የሠራ ሰው ለተውባ ይጠራል እንጂ በችግሩ ላይ አይሳቅበትም። ዑለማእ በወንጀል ምክንያት ባለዕዳ የሆነ ሰው ከዘካ ይሰጠው እንደሆነ ሲወያዩ፣ ብዙዎቹ ተውባ ካደረገ ይሰጠዋል ብለዋል። በሩን ጨርሰው አልዘጉትም። አንተ ከነሱ በላይ ለዲን ተቆርቋሪ ነህን?

«ኢስላም እኮ ይምራል» ለሚለው

አሁን ወደ መጀመሪያው ወንድማችን። አዎ፣ ኢስላም ይምራል። የአል-በቀራህ 280ኛው አንቀጽ ተበዳሪው ከተቸገረ እስኪለቅለት መጠበቅን ያዛል፤ ሰደቃ አድርጎ መተው ደግሞ የተሻለ መሆኑን ይነግረናል። ይህ የመጣው ሪባን ካወገዙት አንቀጾች ቀጥሎ ነው። በሙስሊም ዘገባ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ፍሬ ገዝቶ ጉዳት የደረሰበት ሰው ዕዳ ሲበዛበት፣ ሰዎች ሰደቃ እንዲሰጡት አዘዙ። የተሰበሰበው ዕዳውን አልሞላ ሲል፣ አበዳሪዎቹ ያገኙትን እንዲወስዱና ከዚያ በላይ እንደማይደርሳቸው ነገሯቸው። ከዕብ ኢብኑ ማሊክም መስጂድ ውስጥ ከባለዕዳው ጋር ድምፅ ከፍ አድርጎ ሲከራከር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቤታቸው ብቅ ብለው ግማሹን እንዲተው በእጃቸው አመለከቱት። ከዕብ እሺ አለ። ባለዕዳውንም ተነስተህ ክፈል አሉት። ግማሽ ተሰረዘ፣ ግማሽ ተከፈለ፣ በተሰረዘው ላይ ማንም ምንም አልጠየቀም። ኢስላም ይህ ነው።

እኛስ? እኛ ጋ ምን እየሆነ ነው? ሱቁ የከሰረ ወጣት ላይ ቼክ አስፈርሞ በወንጀል የሚከስ ማን ነው? የሚሰግድ ነጋዴ አይደለምን? ባለዕዳውን ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ በሰው ፊት የሚያዋርደው ማን ነው? «ቻልክ ወይስ አልቻልክም?» ብሎ ቁጭ ብሎ ሀብትና ዕዳውን የመረመረለት የትኛው የመስጂድ ኮሚቴ ነው? የምንሰድበው የአሜሪካ ሕግ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ በዚያች ቀን ያለህ ከሚፈለግብህ ይበልጥ ነበር ወይስ ያንስ? ይህ ጥያቄ የኛ ነበር። የቃዲዎቻችን ጥያቄ ነበር። ጥያቄውን ትተን መልሱን እንመካበታለን።

ከዚህም የሚያሳፍረው ዘካ ላይ የምንሠራው ነው። አንዳንድ ባለሀብት አምስት ዓመት አሳዶ ሳይሰበስበው የቀረውን ዕዳ ረመዳን ሲመጣ «ማርኩህ» ይልና ከዘካው ይቀንሰዋል። ይህ የባንኩ ሥራ እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ባንኩ ተስፋ ቆርጦ ሰረዘና ከግብሩ ቀነሰ፤ ሐጂም ተስፋ ቆርጠው ሰረዙና ከዘካቸው ቀነሱ። ብዙሃኑ ዑለማእ በድሃ ላይ ያለን ዕዳ ምሮ እንደ ዘካ መቁጠር አያብቃቃም ያሉት ለዚህ ነው፤ ዘካ መስጠት ነው፣ ይህ ግን የጠፋን ገንዘብ ማዳን ነው። የፈቀዱ ዑለማእ መኖራቸውን አልክድም። ነገር ግን የነሱን ቃል የምንይዘው ለተቸገረው አዝነን ነው ወይስ ለኪሳችን? ከላይ የጠየቅኩት ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። ተስፋ መቁረጥ ምሕረት አይደለም። ምሕረት ማለት መሰብሰብ እየቻልክ መተው፣ ወይም አለመቻሉን ስታውቅ ሳታዋርደው መተው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አላህ በአት-ተውባህ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ክፍሎች ቆጥሯል። ስድስተኛው ጋሪሞች፣ ማለትም ባለዕዳዎች ናቸው። በየከተማችን ዘካ ሲሰበሰብ ዱቄትና ዘይት ይታደላል፤ መልካም ነው። ግን የጋሪሞች ድርሻ የት ገባ? እኔ የምጠይቀው ትልቅ ድርጅት አይደለም። በየመስጂዱ አንድ መዝገብ፣ ምስጢር የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች፣ ከነሱ አንዱ ሒሳብ የሚያውቅ ወጣት ይሁን። ባለዕዳ ሲመጣ ሁለት ዓምድ ይሠሩለት። ሀብቱ ከበለጠ «ሸጠህ ክፈል፣ ሰው አታጓት» ይበሉት። ዕዳው ከበለጠ አበዳሪዎቹን ይጥሩ፣ እንደ ከዕብ ጉዳይ ከፊሉን ያስምሩ፣ የቀረውን ከዘካ ይሸፍኑ፣ የተስማሙበትንም ጽፈው ያስፈርሙ። ይህን ብናደርግ ያኔ ስለ አሜሪካ ሕግ የምንናገረው ክብደት ይኖረዋል። ሳናደርግ ከተናገርን ግን ጎረቤቱ ጣሪያ ያፈሳል እያለ በራሱ ቤት በዝናብ የሚበሰብስ ሰው እንመስላለን።

ከስልክ የሚወሰድ ብድር በየኪሳችን በገባበት በዚህ ዘመን ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዛሬ ሁለት ሺህ ብር የተበደረ ወጣት ነገ ሱቅ ሲከፍት ሁለት መቶ ሺህ ይበደራል። ሲከስር የሚያገኘው ምን ይሆን? ቁርኣን ያዘዘውን ጥበቃ ወይስ የኛን ምላስ?

አሜሪካ ላላችሁ፦ ወረቀቱን አትቅደዱ፣ ሀብታችሁን አትደብቁ፣ በሩን እወቁ፣ ለሌላውም አሳዩ። እዚህ ላለነው፦ አበዳሪ ከሆንን እንጠይቅ፣ እንጠብቅ፣ እንተው። ተበዳሪ ከሆንን እንጻፍ፣ እንታመን፣ ስንችል እንክፈል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሰላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ባለዕዳ ሲዋሽና ቃሉን ሲያፈርስ ይገኛልና።

አላህ ዕዳ የተጫነውን ሁሉ ይገላግልልን፣ ላበዳሪዎቻችን ልብ እዝነትን ይስጥልን፣ በዱንያም በአኺራም ሙፍሊስ ከመሆን ይጠብቀን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።

ይህን ጽሑፍ አሜሪካ ላለ ወንድማችሁና እህታችሁ አድርሱ፤ ለአንድ ሰው እንኳ በሩን ካሳየ ኢንሻአላህ አጅሩ የጋራ ነው።